ከመዝገቡ ውጭ የቀረው ጉዳት፦ የድሬዳዋና የቢዮ አዋሌ የድንገተኛ ምላሽ መዛግብት እንዴት ይነበቡ?

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የድንገተኛ አደጋ ምላሽ ሰጪዎች የሚይዙት መዝገብ በአንድ አካባቢ የሚደርሰውን የአካል ጉዳት ዓይነትና መጠን ለማወቅ በብዛት የሚያገለግል ምንጭ ነው። ይህ ጽሑፍ የድሬዳዋ ከተማንና የቢዮ አዋሌን የገጠር ክፍል እንደ ማሳያ ይወስዳል። ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ የሚወጣው ሥዕል አስቀድሞ የሚያሳየው ጉዳቱን ሳይሆን ተጎጂው ወደ ምላሽ ሰጪው የደረሰበትን መንገድ እንደሆነ ይከራከራል። መዝገቡ የሚዛባባቸውን ሁኔታዎች፣ በተለይም የሰዓት አቆጣጠርንና የስም አጻጻፍን ችግር፣ ይመረምራል፤ የተለያዩ መዛግብትን በማጣመር የጎደለውን መገመት የሚቻልበትን ዘዴም ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ድንገተኛ የአካል ጉዳት፣ አምቡላንስ፣ ቅድመ ሆስፒታል ሕክምና፣ የመረጃ አድልዎ፣ ድሬዳዋ፣ ቢዮ አዋሌ

የጥያቄው መነሻ

አንድ የአምቡላንስ ክፍል የዓመት መዝገቡን ሲደምር የሚያገኘው ሥዕል ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ከተጎጂዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 44 ዓመት ባለው ክልል ይበዛል፤ ከመንስኤዎቹ የትራፊክ አደጋ ከፊት ይሰለፋል፤ በዱላ፣ በድንጋይ ወይም በስለት የሚደርስ ጉዳትና መውደቅ ይከተሉታል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍሎች የተሠሩ ጥናቶችም በዝርዝሩ ቢለያዩም ከዚህ ሥዕል ብዙ አይርቁም። ግኝቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መዝገቡ በትክክል የሚለካው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ አምቡላንስ የሚቆምበት ቦታ፣ የሚሠለጥነው ሰውና የሚገዛው ቁሳቁስ በእርሱ ሲወሰን ችግሩ ይጀምራል።

የጉድለቱን ስፋት ለመገመት በደንብ ተመዝግቧል ከሚባለው ዘርፍ መነሣት ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት መሠረት፣ ኢትዮጵያ ለ2016 እ.ኤ.አ. ያስታወቀችው የትራፊክ አደጋ ሞት 4,352 ነበር። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27,000 በላይ፣ ይኸውም ከ100,000 ሰው 26.7 ነው። ግምቱ የስታቲስቲክስ ሞዴል ውጤት ስለሆነ ራሱ መፈተሽ አለበት፤ ሆኖም ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን ልዩነቱ ከባድ ነው። የትራፊክ ጉዳት ደግሞ ከሌሎቹ ጉዳቶች ሁሉ የተሻለ መዝጋቢ ያለው ነው። ፖሊስ ይመዘግበዋል፤ ፍርድ ቤት ይመለከተዋል፤ መድን ሰጪ ማስረጃ ይጠይቅበታል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና መብት ሲሰጥ፣ ሳያስበው ለምዝገባም ምክንያት ፈጥሯል። ከገደል የወደቀ እረኛ ወይም አሸዋ የተናደበት የቀን ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጠያቂ የለውም።

አካባቢው

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ያደገች የመጓጓዣ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 341,834 ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚህ ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው በገጠር የሚኖር ነበር። የገጠሩ ክፍል ለረጅም ጊዜ ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ ጀልዴሳና ሐሰሊሶ በሚባሉ አራት ክላስተሮች ተከፍሎ ቆይቷል። ስለ «ድሬዳዋ የጉዳት ሁኔታ» ሲጻፍ ግን ይህ ሲሶ በአብዛኛው የሚታየው ወደ ከተማው ሆስፒታል በደረሰበት መጠን ብቻ ነው።

ቢዮ አዋሌ በስሙ ውኃን ያስታውሳል፤ «ቢዮ» በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው። መልክዓ ምድሩ ኮረብታማና በደረቅ የወንዝ መውረጃዎች የተቆራረጠ ነው። ነዋሪው ማሽላና በቆሎ ያመርታል፤ ጫት ይተክላል፤ ከብትና ፍየል ያረባል፤ ከወጣቱ ብዙው ለቀን ሥራ ወደ ከተማው ይወርዳል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ከተራራው ግርጌ ስትቀመጥ፣ ከበላይዋ ያለው የደንገጎ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ያለው ቁልቁለት የጉዳቱንም የምላሹንም ጠባይ ይወስናል። በደጋው የዘነበው ዝናብ ቆላው ሳያውቅ በደረቁ ወንዝ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጎርፍ የዚሁ ሂደት እጅግ የከፋ መልክ ነበር። በየክረምቱ የሚደርሰው አነስተኛ ጎርፍ ዜና አይሆንም፤ መንገድ ግን ይቆርጣል። ስለዚህ በክረምት ወራት ከገጠር የሚመጣ የጉዳት ጥሪ በመዝገብ ሲቀንስ የቀነሰው ጉዳቱ ይሁን መንገዱ ከቁጥሩ ብቻ ሊታወቅ አይችልም።

በከተማው ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ከአቅማቸው በላይ የሆነው ወደ ሐረር፣ ወደ ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ወደ ሐረር የሚላከው ተጎጂ የሚወጣው ያንኑ የደንገጎ ዳገት ነው፤ ብዙ አደጋ በሚያደርሰው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አምቡላንሱም ተጓዥ ይሆናል ማለት ነው።

ወደ መዝገብ የሚወስደው መንገድ

አንድ ጉዳት በአምቡላንስ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር በተከታታይ በርካታ ነገሮች መሟላት አለባቸው። ጉዳቱን ያየ ሰው ሊኖር ይገባል። ስልክና የስልክ መረብ ሊኖር ይገባል። ደዋዩ እንደ ቀይ መስቀሉ 907 ያለውን ቁጥር ማወቅ፣ ደርሶም በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚገባባው ሰው ማግኘት አለበት። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ያለበትን ስፍራ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከዚያም ተሽከርካሪው መኖር፣ ነዳጅ ማግኘትና መድረስ መቻል አለበት። በመጨረሻም ቤተሰቡ ተጎጂውን ለአምቡላንስ ይስጠው ወይስ ወደ ወጌሻ ይውሰደው የሚለው ውሳኔ አለ። ከእነዚህ በሮች በእያንዳንዱ ላይ ጥቂቶች ይቀራሉ፤ የሚቀሩትም በዕጣ የተመረጡ አይደሉም።

በአስፋልት ላይ የደረሰ ግጭት በሮቹን ሁሉ በቀላሉ ያልፋል። ተመልካች አለው፤ ቦታው በስም ይታወቃል፤ አምቡላንሱም ይደርሳል። ጫቱ ሳይጠወልግ ለማድረስ የሚጣደፉት አይሱዙዎች በፍጥነታቸው «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም ያተረፉት ሁሉም ሰው ስለሚያያቸው ጭምር ነው። ሩቅ በሆነ ጎጥ ከገደል የወደቀ ሰው ግን በየበሩ ይቆማል።

ይህ መንጠር ምን ያህል ሥዕሉን እንደሚለውጥ በምሳሌያዊ ስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ አካባቢ በዓመት 60 ከባድ የትራፊክ ጉዳቶችና 60 ከባድ የመውደቅ ጉዳቶች ደረሱ እንበል። ከትራፊኩ ግማሹ፣ ከመውደቁ ደግሞ ከአሥር አንዱ ብቻ በአምቡላንስ ቢነሡ፣ መዝገቡ 30 የትራፊክና 6 የመውደቅ ጉዳት ይይዛል። ተመራማሪው «ከጉዳቶቹ 83 በመቶው በትራፊክ አደጋ የደረሱ ናቸው» ብሎ ይጽፋል፤ ስሌቱም ትክክል ነው። በመሬቱ ላይ ያለው እውነት ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ናሙናውን በአሥር እጥፍ ማሳደግም ስሕተቱን አያርመውም፤ የተሳሳተውን ቁጥር ይበልጥ አስተማማኝ አስመስሎ ከማቅረብ በቀር። ጆሴፍ በርክሰን በ1946 እ.ኤ.አ. በሆስፒታል ሕሙማን ላይ ብቻ የተመሠረተ ጥናት ስለሚያመጣው አድልዎ የጻፈው ከዚህ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ወደ ተቋሙ የመድረስ ዕድል ከሚጠናው ነገር ጋር ሲተሳሰር ከተቋሙ ውስጥ የሚታየው ዝምድና የውጭውን አይወክልም።

የሚታለፍ ሌላም ነገር አለ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለወረዳዎች የተከፋፈሉት አምቡላንሶች ዋና ዓላማ የእናቶችን ሞት መቀነስ ነበር፤ ዓላማው ተገቢ ነው፤ ውጤትም ነበረው። ይሁን እንጂ ያለው አንድ ተሽከርካሪ ወላድ ይዞ በወጣበት ሰዓት የመጣ የጉዳት ጥሪ መልስ አያገኝም። መልስ ያላገኘ ጥሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመዝገብ አይሰፍርም፤ ምክንያቱም መዝገቡ የጉዞ መዝገብ እንጂ የጥሪ መዝገብ አይደለም። ለጥናት እጅግ የሚያስፈልገው ቁጥር፣ «ስንት ጊዜ ተጠራን፣ ስንት ጊዜ አልሄድንም» የሚለው፣ በዚህ ምክንያት ይጠፋል።

ባጃጅ በዚህ ሥዕል ውስጥ የተለየ ቦታ ይዟል። በአንድ በኩል የጉዳት መንስኤ ነው። በሌላ በኩል ለከተማው ተጎጂ ዋናው የማይታወቅ አምቡላንስ ነው፤ ቅርብ ነው፤ በማንኛውም ቅያስ ይገባል፤ አይጠበቅም። ታጥፎ በባጃጅ ወንበር የተቀመጠ የአከርካሪ ስብራት ያለበት ሰው ግን ሊሞት ከማይገባው ጉዳት ወደ ዘላቂ ሽባነት ሊሸጋገር ይችላል። ሆስፒታሉ ተጎጂውን «በግል የመጣ» ብሎ ሲመዘግበው በእግሩ የገባውም፣ በቃሬዛ ተሸክመውት የመጡትም፣ በባጃጅ የመጣውም በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ።

በመንገድ የሚቀሩት

በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶናልድ ትረንኪ በጉዳት የሚደርስ ሞት ሦስት ጊዜ ከፍ እንደሚል ጽፎ ነበር፦ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ፣ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ። ይህ አከፋፈል በኋላ የተሠሩ ጥናቶች በየቦታው ባያረጋግጡትም ለማሰብ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ሞት በሕክምና ሊታገድ አይችልም ይባላል። ሁለተኛው፣ በአብዛኛው ከደም መፍሰስ፣ ከአየር መተላለፊያ መዘጋትና ከጭንቅላት ጉዳት የሚመጣው፣ ድንገተኛ ሕክምና ሊያስቀረው የሚችለው ነው። የአደጋ ሕክምና ትምህርት ሁሉ የተገነባው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው።

መንገዱ በሰዓታት በሚቆጠርበት ገጠር ይህ ሁለተኛው ሞት የሚደርሰው በቤት፣ በቃሬዛ ላይ ወይም መኪና በሚጠበቅበት የመንገድ ዳር ነው። ሆስፒታል የሚደርሰው ያን ጊዜ ያለፈ ሰው ነው። በመሆኑም ከገጠር የመጡ ተጎጂዎች በመዝገብ ሲታዩ የእጅና የእግር ስብራት ይበዛባቸዋል፤ የሆድና የደረት ጉዳት ያንሳቸዋል፤ ከገቡ በኋላ የሚሞቱትም ጥቂት ይሆናሉ። ይህን የሚያይ ዕቅድ አውጪ «የገጠሩ ጉዳት ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው የአጥንት ሕክምና ነው» ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል። ድምዳሜው ከቁጥሩ ጋር ይስማማል፤ ከሞቱት ጋር ግን አይስማማም።

የጊዜው ጉዳይ ከመድኃኒት አሰጣጥ ጋርም ይያያዛል። በ40 አገሮች 20,211 ተጎጂዎችን ያሳተፈውና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ክራሽ 2 የተባለው ጥናት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት ደም ለሚፈሳቸው ተጎጂዎች ሲሰጥ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ትንተና ደግሞ ጥቅሙ የሚገኘው መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ሲሰጥ ግን ሊጎዳ እንደሚችል አመልክቷል። ስለዚህ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓት በትክክል ማወቅ ለተመራማሪው ብቻ ሳይሆን በተረኛው ነርስ እጅ ላለው ውሳኔም ወሳኝ ነው።

ሰዓቱ፣ ስሙና ምክንያቱ

በኢትዮጵያ የቅድመ ሆስፒታል ጊዜን የሚለካ ጥናት ከሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች የማይገጥማቸው አንድ ችግር አለበት። ሾፌሩ ጥሪ የደረሰበትን ሰዓት የሚጽፈው በአገሩ አቆጣጠር ነው፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጥሪው ከቀኑ 8፡30 የደረሰ፣ ተጎጂው በ16፡10 ሆስፒታል የገባ ቢሆን፣ እውነተኛው ጊዜ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ሳያስተካክል የቀነሰ ሰው ግን 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያገኛል። ይህ ቢያንስ ዐይን ይስባል። የባሰው የሌሊቱ ነው። ጥሪው ከሌሊቱ 8፡30 የደረሰ፣ ተጎጂው በ4፡10 የገባ ከሆነ ቅንሱ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ መረጃ የሚያጸዳው ሰውም «ስሕተት» ብሎ ይሰርዘዋል። እንዲህ ሲሆን የሚሰረዙት የሌሊት ጉዳቶች ናቸው፤ እነርሱም ምላሽ የሚዘገይባቸውና የድብድብ ጉዳት የሚበዛባቸው ናቸው። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት የየትኛው ቀን ነው የሚለውም ሌላ ጣጣ ነው፤ በአገሬው አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ የአምቡላንሱና የሆስፒታሉ ቀን በአንድ ሊለያይ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቅጹ ላይ «ቀን» እና «ሌሊት» የሚሉ ምልክቶችና የአቆጣጠሩ ስም ሊታተሙ ይገባል።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። አንዱን ሰው በአምቡላንስ፣ በሆስፒታልና በፖሊስ መዝገብ ለመለየት ስሙ መገጣጠም አለበት። በድሬዳዋ አንድ ስም መሐመድ፣ መሃመድ፣ ሙሐመድ ወይም ሞሐመድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በአንዱ መዝገብ በግዕዝ ፊደል፣ በሌላው በላቲን ይሰፍራል፤ የአባት ስም አንዳንዴ ይቀራል። ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ «ማንነቱ ያልታወቀ» ሆኖ ይገባና በሁለተኛው ቀን ስም ያገኛል፤ የመጀመሪያው ገጽ ግን አይታረምም። በስም ብቻ የሚደረግ ማጣመር እነዚህን በጽኑ የተጎዱ ሰዎች በብዛት ይጥላቸዋል። ጾታን፣ ግምታዊ ዕድሜን፣ ቀንን፣ ቀበሌንና የተጎዳውን የአካል ክፍል በአንድነት የሚያገናዝብ ነጥብ አሰጣጥ ከዚህ የተሻለ ያደርጋል። ዕድሜው ግን በ5 እና በ0 ወደሚያልቁ ቁጥሮች ስለሚሰበሰብ ጥቂት ዓመት ልዩነት ሊፈቀድ ይገባል።

ስለ ምክንያቱ የሚሰጠው መልስ የሚለወጠው በሚሰማው ሰው ነው። ባሏ የደበደባት ሴት በባሏ ወይም በዘመዱ ታጅባ ስትመጣ «ወደቅሁ» ትላለች፤ መዝገቡም «መውደቅ» ይላል። ሕገ ወጥ በሆነ የድንጋይ ወይም የአሸዋ ማውጫ የተጎዳ ሰውም እንዲሁ አሠሪውን ላለማስጠየቅ ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ የሴቶች የጉዳት ድርሻ አነስተኛ መሆኑና «መውደቅ» በመካከላቸው መብዛቱ በአንድነት ሊጠረጠሩ ይገባል። ተጎጂዋ ብቻዋን የምትጠየቅበት ሁለት ደቂቃ ቅጽ ከመለወጥ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

መዛግብትን ማጣመር

የጎደለውን ለመገመት ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ከዱር እንስሳት ቆጠራ የተወሰደው «ይዞ የመልቀቅና እንደገና የመያዝ» ስሌት ነው። ለምሳሌ የአምቡላንሱ መዝገብ 40፣ የጤና ተቋማቱ 60 ተጎጂዎችን ቢይዙና 30ዎቹ በሁለቱም ቢገኙ፣ አጠቃላዩ ግምት 40 በ60 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 80 ይሆናል። ሁለቱ መዛግብት በጋራ የያዙት 70 ሰው ነው፤ 10 ሰዎች ከሁለቱም ቀርተዋል ማለት ነው። በኢትዮጵያም ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በዚህ ዘዴ የተሠራና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ከሞቱት ጉልህ ክፍል፣ ከቆሰሉት ደግሞ አብዛኞቹን እንዳልያዘ አሳይቷል።

ዘዴው ግን ሁለቱ መዛግብት አንዱ በሌላው ላይ አይመሠረቱም ብሎ ይነሣል። በድሬዳዋ ይህ አይሠራም፤ አምቡላንሱ ያነሣውን ሰው የሚያስረክበው ለዚያው ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለ ትስስር ሲኖር በሁለቱም የሚገኙት ይበዛሉ፤ ግምቱም ከእውነቱ ያንሳል። ስለዚህ 80 የሚለው ቁጥር «ቢያንስ» ተብሎ መነበብ አለበት። ከሆስፒታሉ መንገድ ውጭ የሆነ ሦስተኛ ምንጭ ያስፈልጋል፤ ለቢዮ አዋሌ ደግሞ ይህ ምንጭ የቀበሌው ነዋሪ ራሱ ነው።

ለዚህ አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባለው በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ያካሂዳል። በዚያ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞትን ይመዘግባሉ፤ ሞት ሲኖርም የቅርብ ቤተሰብን በመጠየቅ የሞቱን መንስኤ ለመለየት ይሠራሉ። ሆስፒታል ሳይደርስ የሞተ ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ይቆጠራል። ቢዮ አዋሌ የራሱን ጣቢያ ማቋቋም ላይችል ይችላል። ሆኖም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዓመት አንድ ጊዜ በየቀበሌው «ባለፉት 12 ወራት በጉዳት የሞተ ወይም ከ30 ቀን በላይ ከሥራ የቀረ ሰው ነበር ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከመዛግብቱ ጋር የሚነጻጸር ዝርዝር ይገኛል። የማስታወስ ጉድለት ይኖራል፤ ሞት ግን በቀላሉ አይረሳም።

ማን ይሠልጥን?

ይህ ሁሉ የቁጥር ክርክር ወደ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ያመራል፦ ሁለተኛው ሞት የሚደርሰው አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ምላሽ ሰጪ ማን ነው? በሰሜን ኢራቅና በካምቦዲያ ፈንጂ በበዛባቸው ገጠሮች ሁሱምና ባልደረቦቹ ያካሄዱትና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ለዚህ ይጠቅማል። በዚያ 135 የአካባቢ ጤና ሠራተኞችና 5,200 ተራ ነዋሪዎች ሠልጥነዋል። ተጎጂዎች ሆስፒታል ለመድረስ በአማካይ 5.7 ሰዓት ይወስድባቸው ነበር፤ ሆኖም የሞቱት ድርሻ ከ40 በመቶ ወደ 14.9 በመቶ ወርዷል። መንገዱን ለማሳጠር ባልተቻለበት ቦታ መንገዱን የሚችል ተጎጂ ማድረስ ተችሏል። ጥናቱ የፈንጂ ጉዳት የበዛበት ስለሆነና የመነሻው ቁጥር በተመሳሳይ ዘዴ አልተሰበሰበም ተብሎ ሊጠየቅ ስለሚችል በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አይገለበጥም። በጋና ደግሞ 335 የንግድ መኪና ሾፌሮች ሠልጥነው፣ ከጊዜ በኋላ ከተጠየቁት መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት በአደጋ ቦታ እርዳታ እንደሰጡ ተናግረዋል።

በድሬዳዋ የጋናው ሾፌር አቻ የባጃጅና የአይሱዙ ሾፌር ነው። በቢዮ አዋሌ ግን ሾፌር ራሱ ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ በመጀመሪያ የሚደርሱት ጎረቤቶች ናቸው። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል እንደ እድር የሚያገለግለው አፎሻ ለዚህ የተዘጋጀ መዋቅር ይመስላል። አባላቱ ይታወቃሉ፤ በሐዘንና በችግር ጊዜ መጠራራት ልማዳቸው ነው፤ ሕመምተኛን በቃሬዛ የሚሸከሙትም እነርሱ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ጥቂት ነው፦ የሚፈስን ደም በእጅ ጫና ማቆም፣ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ የተሰበረን እግር ከመሸከም በፊት በእንጨት ማገዝ፣ አንገትን አለማጠፍ።

ወጌሻውም ከዚህ መቅረት የለበትም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ከመጠን በላይ በጠበቀ የቀርከሃ ማሰሪያ ምክንያት ደም ተቋርጦ የሚደርስ ጋንግሪን ለእጅና ለእግር መቆረጥ፣ በተለይም በልጆች ላይ፣ አንዱ ምክንያት መሆኑን ደጋግመው ዘግበዋል። እርሱን የሚያወግዝ ትምህርት ግን ተጎጂውን ከወጌሻው አላራቀም፤ ያራቀው ከሆስፒታሉ ነው፤ ምክንያቱም ወቀሳን የሚፈራ ቤተሰብ የሚመጣው እጁ ከጠቆረ በኋላ ነው። ጣቶች ሲቀዘቅዙና ሲደነዝዙ ማሰሪያውን መፍታት እንዳለበት የሚያውቅ ወጌሻ፣ ከሆስፒታል ስድብ ሳይሆን መልስ የሚጻፍለት ከሆነ፣ ራሱ ላኪ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ሥልጠና ከተጀመረ በኋላ በመዝገብ ምን እንደሚታይ አስቀድሞ መናገር ይገባል። ከቢዮ አዋሌ የሚመጡ ተጎጂዎች ቁጥር ይጨምራል። ቀድሞ በመንገድ ይሞቱ የነበሩት በሕይወት መድረስ ስለሚጀምሩ የመጡት የጉዳት ክብደት ይጨምራል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በአምቡላንስ ውስጥ ወይም በድንገተኛ ክፍሉ ይሞታሉ። የአገልግሎቱ ጥራት በአምቡላንስ ውስጥ በሚደርስ የሞት መጠን ከተመዘነ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ውድቀት መስሎ ይታያል፤ በጀቱም በዚያው ሊቋረጥ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከሥልጠናው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ያልተመለሱ ጥሪዎችና በቀበሌ የተቆጠሩ የጉዳት ሞቶች መመዝገብ አለባቸው። ንጽጽሩም የሚደረገው በቀበሌው ውስጥ በጉዳት ከሞቱት ጠቅላላ ሰዎች ጋር እንጂ በአምቡላንሱ ከተነሡት ጋር ብቻ መሆን የለበትም።